የቁራኛ ሁለት ጫፍ

በቀድሞው ዘመን በአገራችን ባለ ገንዘብና ባለ ዕዳ ሲካሰሱ፥ ከዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ወይም ነገሩ እስኪያልቅ ድረስ ሁለቱ በአንድ ሰንሰለት ይቈራኙ ነበር። ሰንሰለት ባልተገኘበትም ስፍራ የአንዱ ኩታ ጫፍ ከሌላው ኩታ ጫፍ ጋር ይቋጠርና አብረው ይሄዱ ነበር። ይህም ልማድ ቁራኛ ይባል ነበር። ልማዱ ከቀረ ብዙ ዘመን ቢሆነውም ቃሉ ግን ከአንደበታችን አልጠፋም፤ ዛሬም አንዱ ሌላውን ሳይዘናጋ ሲጠብቀው «በዓይነ ቁራኛ ይጠብቀዋል» እንላለን።

የቁራኛ ነገር በተነሣ ጊዜ ቶሎ የሚታሰበን የባለ ዕዳው መታሰር ነው። ነገር ግን ሰንሰለት ሁለት ጫፍ አለው። ባለ ዕዳው በሄደበት ባለ ገንዘቡም ይሄዳል፤ ባለ ዕዳው ፀሐይ ሲመታው ባለ ገንዘቡንም ይመታዋል፤ ባለ ዕዳው ከሥራው ሲፈታ ባለ ገንዘቡም እርሻውን ወይም ንግዱን ጥሎ አብሮት ይውላል። አባቶቻችን ይህን ሥርዓት ሲያቆሙ ለፍልስፍና ብለው እንዳላቆሙት እናውቃለን፤ ባለ ዕዳው እንዳያመልጥ ነው። ቢሆንም ቅሉ ሳያስቡት አንድ እውነት በሰንሰለት አሳይተውናል፤ ይኸውም ያበደረ ሁሉ ባበደረው ሰው የታሰረ መሆኑ ነው።

ዛሬ ሰንሰለቱ በወረቀት ተተክቷል። በባለ ገንዘቡና በባለ ዕዳው መካከልም ሦስተኛ ሰው ገብቷል። ይህም ሰው በባንክና በአነስተኛ የብድርና ቁጠባ ተቋም ውስጥ የብድር ኦፊሰር ወይም የብድር ባለሙያ ተብሎ የሚጠራው ነው። የሚያበድረው ገንዘብ የራሱ አይደለም፤ ሲመለስም ለራሱ አይመለስም። ቸር ቢሆን በሰው ገንዘብ ነው፤ ንፉግ ቢሆንም የሚከለክለው የራሱን አይደለም። እንዲህ ባለ ቦታ የሚቀመጥ ሰው ምን ሊማር ይገባዋል? ሒሳብ ብቻ ነውን? ወይስ ከሒሳብ በላይ የሆነ ነገር አለ? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው። ጥያቄውም በባንክ ለሚሠሩት ብቻ የቀረበ አይደለም። የሌላውን ንብረት ወይም ሥልጣን በአደራ ይዞ ለአንዱ የሚሰጥ፥ ለሌላው የሚከለክል ሁሉ፥ ፈቃድ የሚፈርም ሹም ቢሆን፥ ተማሪን የሚያሳልፍና የሚጥል መምህር ቢሆን፥ ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም።

ባንክ ከመምጣቱ በፊት ሰው የሚበደረው ከሚያውቀው ሰው ነበር፤ ከዘመዱ፥ ከጎረቤቱ፥ ከገበያ ባልንጀራው፤ ሲጨንቀውም ከአራጣ አበዳሪ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፥ በየካቲት ወር 1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ በአዲስ አበባ ተከፈተ። በ1923 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ባንክ ተተካ፤ ከጠላት ወረራ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ተቋቋመ፤ በ1955 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅም ይህ ባንክ ብሔራዊና ንግድ ባንክ ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። በ1967 ዓ.ም. የግል ባንኮች ወደ መንግሥት እጅ ገቡ፤ በ1986 ዓ.ም. ደግሞ ዐዋጅ ወጥቶ የአገር ተወላጆች እንደገና የግል ባንክ እንዲያቋቁሙ ተፈቀደ። በ1988 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ የአነስተኛ ብድር ተቋማት ሕጋዊ መሠረት አገኙና ብድር ወደ ገጠር ቀበሌ ወረደ። ይህን ሁሉ መቁጠራችን ታሪክ ለማብዛት አይደለም። ብድር ደረጃ በደረጃ ከሚተዋወቁ ሰዎች ወደማይተዋወቁ ሰዎች መሄዱን ለማሳየት ነው። መተዋወቅ በቀረበት ቦታ በሙያ የሚያውቅ ሰው ማስቀመጥ ግድ ሆነ። እንግዲህ የብድር ባለሙያ ሥልጠና ማለት በመሠረቱ የማያውቁትን ሰው ማወቅን መማር ማለት ነው።

ይህ ሥልጠና እንዴት ያለ ነው? አብዛኛውን ጊዜ በሒሳብ አያያዝ፥ በምጣኔ ሀብት ወይም በሥራ አመራር ትምህርቱን የፈጸመ ወጣት ወደ ባንክ ይገባል። በመጀመሪያ መስኮት ላይ ሆኖ ገንዘብ መቀበልንና መክፈልን ይለምዳል፤ ከዚያም በነባር ባለሙያ ሥር ሆኖ የብድርን ሥራ ይማራል። የሒሳብ መግለጫ ማንበብን፥ የገባና የወጣ ገንዘብን መመዘንን፥ ንግድ ፈቃድና የግብር ወረቀት መመርመርን፥ ወደ ሱቁ ወይም ወደ እርሻው ወርዶ መጎብኘትን፥ መያዣን ማስገመትን፥ ውል ማዘጋጀትን፥ ለብድር ኮሚቴ ሐሳብ ማቅረብን፥ ከተበደሩም በኋላ መከታተልን ይማራል። በዓለም ሁሉ ያሉ የባንክ መምህራን ደግሞ አምስት መመዘኛ ያስጠኑታል፤ እነዚህም የተበዳሪው ጠባይ፥ የመክፈል ዐቅሙ፥ የራሱ ካፒታል፥ መያዣው፥ የጊዜው ሁኔታ ናቸው። ይህ ሁሉ መልካምና አስፈላጊ ትምህርት ነው። የሒሳብ መግለጫ ማንበብ የማይችል የብድር ባለሙያ ምንም ያህል ቅን ቢሆን ሰውን ይጎዳል፤ ቅንነት ስሕተትን አያርምምና።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ የቆየ ጥያቄ መንገድ ላይ ቆሞ ይጠብቀናል፤ ይህም ገንዘብ ገንዘብን ሊወልድ ይገባዋልን የሚለው ነው። በቋንቋችን ከብድር በላይ የሚከፈለው ገንዘብ «ወለድ» ይባላል፤ «ወለደ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። በጥንታዊው የግሪክ ቋንቋም እንዲሁ የልጅና የወለድ ስም አንድ ነበር፤ አርስጣጣሊስም ይህን ይዞ ገንዘብ ለመለዋወጫ ተፈጠረ እንጂ ለመዋለድ አልተፈጠረም ሲል ወለድን ነቅፎታል። ብሉይ ኪዳን ከድሀ ወንድም ወለድ መቀበልን ይከለክላል፤ ቁርዓንም አራጣን አጥብቆ ያወግዛል። ሕግም ሐሳቡን በልክ ሊይዘው ሞክሯል፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ተዋዋዮች በዓመት ከመቶ 12 በላይ ወለድ እንዳይዋዋሉ ወስኖ ነበር። እኛ ይህን ታላቅ ክርክር በአንድ ገጽ እንፈታዋለን አንልም። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ተግሣጽ አንድ ፍሬ ነገር እናወጣለን። እነዚያ ጥንታውያን የፈሩት የቍጥሩን መብዛት ብቻ አልነበረም፤ አበዳሪው ራሱን ከሰንሰለቱ ፈትቶ ተበዳሪውን ብቻ አስሮ እንዳይተኛ ነው የፈሩት። ተበዳሪው ቢያተርፍም ቢከስርም የእርሱ ወለድ ያድራልና።

አሁን ወደ ባለሙያው እንመለስ። አምስቱን መመዘኛ የያዘው ወጣት በመጀመሪያ የሚያጋጥመው ጥያቄ ሰውን ልመን ወይስ ንብረቱን የሚል ነው። በ1912 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ታላቅ ባለ ባንክ የነበረው ጄ. ፒ. ሞርጋን በአገሩ ምክር ቤት መርማሪዎች ፊት ቀርቦ፥ ብድር የሚሰጠው በገንዘብ ወይም በንብረት መሠረት አይደለምን ተብሎ ሲጠየቅ፥ አይደለም፤ ከሁሉ የሚቀድመው ጠባይ ነው ብሎ መለሰ። ይህ ምላሽ እስካሁን በባንክ ትምህርት ቤቶች ይነገራል። ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው፤ ግን በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። ሞርጋን የሚያበድረው ለሚያውቃቸው ሰዎች ነበር። የእኛ ወጣት ግን ያን ጧት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየውን ሰው ጠባይ ከምን ያነበዋል? ከልብሱ ነውን? ከንግግሩ ለዛ ነውን? ከስሙና ከአገሩ ነውን? «ፊቱን ሳየው አላመንኩትም» የሚል ባለሙያ ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለ ሰውየው ጠባይ ሳይሆን ስለ ራሱ አስተዳደግ ነው። ጠባይን መመዘን ካልተማሩት በቀር አድልዎን በጥሩ ስም መጥራት ይሆናል።

ስለዚህ ብዙዎች ከዚህ አደጋ ሸሽተው ወደ መያዣው ይጠጋሉ። ቤት አለህን? አለኝ። እንግዲያስ ውሰድ። ቤት የለህምን? የለኝም። እንግዲያስ ሂድ። ይህ ፍርድ ቀላል ነው፤ አድልዎም የሌለበት ይመስላል። ነገር ግን መያዣ ስለ ትናንት እንጂ ስለ ነገ አይናገርም። ትናንት ላገኘ ነገም ይጨምርለታል፤ ትናንት ላላገኘ ነገም በሩ ይዘጋበታል። በአገራችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለ ሆነ አይሸጥም፤ ስለዚህ በከተማ ቤት ያለው ሰው ለባንክ የሚያሳየው ነገር ሲኖረው፥ አገሩን የሚመግበው ገበሬ ለብዙ ዘመን ባዶ እጁን ቆሟል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው በተንቀሳቃሽ ንብረት ላይ ስለሚመሠረት የዋስትና መብት የሚደነግገው ዐዋጅ ቁጥር 1147 ከብት፥ ሰብልና መሣሪያ መያዣ እንዲሆኑ መንገድ የከፈተውም ይህን ጉድለት አይቶ ነው።

ከመያዣ ውጭ ማበደር የሚቻል መሆኑን ያሳየ አንድ ምሳሌ ሁሉ ያውቀዋል። በ1976 እ.ኤ.አ. በባንግላዴሽ በጆብራ መንደር፥ የምጣኔ ሀብት መምህሩ ሙሐመድ ዩኑስ ለ42 ድሆች ከኪሱ በጠቅላላው 27 ዶላር አበደረ። ከእነዚህ መካከል ለቀርከሃ መግዣ የሚሆን ጥቂት ሳንቲም አጥታ፥ የሠራችውን በርጩማ አበዳሪዋ በወሰነው ዋጋ ለእርሱ ለመሸጥ የምትገደድ ሴት ነበረች። ይህ ሥራ አድጎ በ1983 እ.ኤ.አ. ግራሚን ባንክ ሆነ፤ በ2006 እ.ኤ.አ. ባንኩና መሥራቹ የኖቤልን የሰላም ሽልማት አገኙ። በዚያ ባንክ ሠልጣኙ የሚማረው በቢሮ ተቀምጦ አይደለም፤ መንደር ለመንደር እየሄደ፥ ከተበዳሪዎቹ ጋር መሬት ላይ እየተቀመጠ ነው። ጠባይን ማወቂያው መንገድ እንግዲህ ይህ ነው፤ ፊትን ማየት ሳይሆን ኑሮን ማየት። ሸማኔውን ከድርና ከማጉ አጠገብ፥ ነጋዴዋን ከመደብሯ ፊት፥ ገበሬውን ከማሳው ላይ ማየት፤ ዕቃ ያስረከቡትን፥ ገንዘብ የተቀበሉትን፥ በእቁብ አብረው የጣሉትን መጠየቅ። እቁቡን ወር በወር ሳያጓድል የጣለ ሰው፥ ባንክ አይቶት ባያውቅም፥ ጠባዩን በሥራ ጽፎታል።

አሁን ግን ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ይመጣል። ባለሙያው ሰውየውን አወቀው እንበል፤ ታማኝ መሆኑንም አረጋገጠ። እንግዲያስ የጠየቀውን ሁሉ ሊሰጠው ይገባልን? ነገሩ በምሳሌ ይታይ። በሽሮ ሜዳ የአገር ልብስ የሚነግዱ አንዲት እናት ወደ ባንክ መጡ እንበል። ጎረቤታቸው ሁለተኛ ሱቅ ስለ ከፈተች እርሳቸውም ሁለተኛ ሱቅ ለመክፈት 400,000 ብር ጠየቁ። ከሟች ባለቤታቸው ጋር የሠሩትን ቤት ለመያዣ አቀረቡ። ቤቱ ከብድሩ ሦስት እጥፍ ያወጣል። ባለሙያው ግን ሒሳባቸውን ሲያይ ከንግዳቸው በወር የሚተርፋቸው 9,000 ብር ያህል ነው። ብድሩ በዓመት ከመቶ 17 ወለድ በ3 ዓመት የሚመለስ ቢሆን በወር ከ14,000 ብር በላይ ይፈልጋል። ባለሙያው ቢፈቅድ ባንኩ ምንም አይጎዳም፤ ቤቱ አለና። አለቆቹም አይወቅሱትም። እናቲቱም ያን ዕለት ይመርቁታል። ታዲያ የሚጎዳው ማን ነው?

የሚጎዳው ያን ዕለት በዚያ ወንበር ላይ ያልተቀመጠ ሰው ነው። ይኸውም ከሁለት ዓመት በኋላ የሚኖሩት እኒያው እናት ናቸው። ቃል ኪዳን የሚባለው ነገር ሁሉ ይህ ምስጢር አለበት። ዛሬ የሚፈርመው ሰው ነገ የሚከፍለውን ሰው ሳይጠይቅ ያስረዋል። ዛሬ ያለው ተስፋ አለው፥ ገንዘብ ይቀበላል፥ ይደሰታል፤ ነገ ያለው ይለፋል፥ ይከፍላል፥ ሲጎድልበትም ያፍራል። ሁለቱ በስም አንድ ናቸው፤ ዛሬ ያለው ግን ነገ ያለውን ጨርሶ አያየውም። ከማመልከቻው ወዲህ ማዶ ተቀምጦ ስለ ነገው ሰው የሚናገር አንድ እንኳ ጠበቃ ካለ፥ እርሱ የብድር ባለሙያው ነው። ሌላም ያልተገኘ ሰው አለ፤ እርሱም ገንዘቡን ባንክ ያስቀመጠው ነው፤ ከደመወዙ በየወሩ ጥቂት የሚያስቀምጥ ዘበኛ፥ ለልጇ ትምህርት የምታጠራቅም እናት። ስለዚህ ከባለሙያው ጠረጴዛ ፊት የሚታየው አንድ ሰው ቢሆንም የሚቀርቡት ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ አይታዩም። ሥልጠናው ሁሉ ተጠቅልሎ ቢታይ እነዚህን ሁለቱን የማየት ሥልጠና ሆኖ እናገኘዋለን።

ወደ እናቲቱ እንመለስ። መልካሙ ባለሙያ እንዲህ ይላቸዋል፦ «እናቴ፥ ለሁለተኛ ሱቅ የሚሆነውን ሳይሆን ለበዓል የሚሸጡትን ልብስ መግዣ የሚሆን 180,000 ብር ልስጥዎ። ይህ በወር ወደ 6,400 ብር ይጠይቅዎታል፤ ይህን ሳይቸገሩ ይከፍላሉ።» እርሳቸውም ቅር ብሏቸው «ልጄ፥ ቤቴን አላመንኸውም ወይ?» ቢሉት፥ «ቤቱንስ አምኜዋለሁ፤ የፈራሁት እንዳያጡት ነው» ብሎ ይመልሳል። ይህ ምላሽ ከምሕረት የመጣ ነው ወይስ ከፍርድ? ከሁለቱም ነው። ምሕረትና ፍርድ የሚጣሉት ነገን ያላየን እንደሆነ ብቻ ነው።

ነገን ሳያዩ «እሺ» ማለት ምን እንደሚያመጣ የቅርብ ዘመን ታሪክ መስክሯል። በአሜሪካ እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ድረስ በነበሩት ዓመታት ገቢያቸው ሳይመረመር ብዙ ሰዎች ለቤት መግዣ ገንዘብ ተበደሩ። ውሉን የሚያዘጋጁት ሠራተኞች የሚከፈላቸው በውሉ ብዛት ስለ ነበረ፥ ውሉም ወዲያው ለሌላ ባለ ገንዘብ ይሸጥ ስለ ነበረ፥ ተበዳሪው ቢከፍል ባይከፍል አይገዳቸውም ነበር። የሰንሰለቱን ጫፍ ከእጃቸው ጥለውታልና። ቤቶች በሐራጅ ተሸጡ፤ ጥፋቱም ለዓለም ሁሉ ተረፈ። በህንድ አገር በአንድራ ፕራዴሽ ግዛት ደግሞ በ2010 እ.ኤ.አ. ለድሆች የተባለው አነስተኛ ብድር ከልክ አልፎ፥ አንዲት ሴት ከሦስትና ከአራት ተቋም እየተበደረች፥ ሰብሳቢዎችም በቤትና በጎረቤት ፊት እያዋረዱ ሲጠይቁ፥ ራሳቸውን እስከ ማጥፋት የደረሱ ባለ ዕዳዎች መኖራቸው ተሰማ፤ መንግሥቱም በዚያው ዓመት አሠራሩን የሚያግድ ሕግ አወጣ። ልብ እንበል፤ ይህ የሆነው ዩኑስ በጆብራ ከጀመረው ጋር በስም አንድ በሆነ ሥራ ነው። ልዩነቱ ብድሩን የሚሰጠው ሰው ምን እንዲቈጥር መታዘዙ ነው። ሰው እንዲቈጥር የታዘዘ ሰውን ያያል፤ ውል እንዲቈጥር የታዘዘ ግን ውልን ብቻ ያያል።

ይህን ስንል «እንቢ» ማለት ሁልጊዜ ደኅና ነው ማለታችን እንዳይመስል። ፈሪ ባለሙያም ጥፋተኛ ነው፤ ጥፋቱ ግን አይገኝበትም። የተሰጠ ብድር ክፍያው 90 ቀን ቢያልፈው የተበላሸ ተብሎ ይመዘገባል፤ ማን እንደ ፈቀደውም ይጠየቃል። ያለ በቂ ምክንያት የተከለከለ ብድር ግን መዝገብ የለውም። ያልተከፈተው ወፍጮ ቤት፥ ያልተገዛው በሬ፥ ሥራ ያላገኘው ልጅ በየትኛው ሪፖርት ይጻፋል? ፋይሉን እያገላበጠ «ነገ ተመለስ» የሚል ሹም ራሱን ጥንቁቅ ይለዋል። ነገር ግን ጥንቃቄ የሌላውን ጉዳት ማስቀረት ነው፤ የራስን ወቀሳ ማስቀረት ሌላ ስም አለው። «እንቢ» የሚል ባለሙያ ምክንያቱን ለአመልካቹ በግልጥ ሊነግር፥ ምን ቢያሟላ «እሺ» እንደሚባልም ሊያስረዳ ይገባዋል። ምክንያት የሌለው ክልከላ ሰውን ከገንዘብ ብቻ ሳይሆን ከክብሩም ያጎድለዋል።

ስለ እጅ መንሻና ስለ ዝምድና ብዙ መናገር አያስፈልገንም፤ ክፋቱን ሁሉ ያውቀዋል። ይህን ብቻ እንጨምር። ጉቦ የተቀበለ ባለሙያ በተበዳሪው ላይ ያለውን ዓይን ሸጦታል። ከዚያ በኋላ ገንዘቡ ከታሰበለት ሥራ ውጭ ሲውል ቢያይ ሊገሥጽ አይችልም፤ ሰንሰለቱ ዞሮ በአንገቱ ገብቷልና።

ብድሩ ከተሰጠ በኋላ የሚመጣው ደግሞ የመሰብሰብ ነገር ነው። በዚህ ረገድ ጥንታውያን ሕጎች ከእኛ ይልቅ የጠነቀቁበት ስፍራ አለ። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 አበዳሪው መያዣ ለመውሰድ ወደ ተበዳሪው ቤት እንዳይገባ፥ በውጭ ቆሞ ባለ ዕዳው ራሱ እስኪያወጣለት እንዲጠብቅ ታዟል፤ የሰው መኖሪያው ነውና ወፍጮውን መያዣ አድርጎ መውሰድም ተከልክሏል። የባቢሎኑ ንጉሥ ሐሙራቢ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው መቶ ዓመት ባቆመው ሕግ ደግሞ፥ ጎርፍ ወይም ድርቅ ሰብሉን ያጠፋበት ባለ ዕዳ የዚያን ዓመት ወለድ እንዳይከፍል ተደንግጓል። ከእነዚህ ሕጎች በስተኋላ ያለው ሐሳብ አንድ ነው፤ ዕዳ የሰውን ጉልበት ይጠይቅ እንጂ ሰውነቱን አይውሰድ የሚል ነው። በእኛ አገር በ1990 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 97 ባንክ ለባለ ዕዳው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ እንዲሸጥ ሥልጣን ሰጥቷል። ሥልጣኑ ስለ አስቀማጮች ገንዘብ ሲባል የተሰጠ ነው፤ አስፈላጊነቱን አንክድም። ነገር ግን ዳኛ በሌለበት ስፍራ የዳኛው ሕሊና በባለሙያው ዘንድ መገኘት አለበት። አልከፍልም ያለውንና መክፈል ያቃተውን መለየት፥ ክፍያ የሚራዘምለትን በጊዜ ማወቅ፥ በሐራጁ ዋዜማ ሳይሆን በመጀመሪያው ወር ጉድለት መድረስ፥ ይህ ሁሉ የእርሱ ሥራ ነው።

አንዳንድ ሰው «ይህ ሁሉ ድካም ምን ያደርጋል? አሁን መሣሪያ ሰውን ይመዝናል» ሊለን ይችላል። በእርግጥም በዘመናችን በስልክ አማካይነት፥ በአገራችንም እንደ ቴሌብር ባለው አገልግሎት፥ ሰው ፊት ሳይቀርብ አነስተኛ ብድር ያገኛል፤ ልኩንም የሚወስነው ኮምፒዩተር ነው። መሣሪያው ጉቦ አይበላም፥ ዘመድ የለውም፥ በልብስና በአነጋገር አይፈርድም፤ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ነገር ግን መሣሪያው የሚያውቀው ሰውየው ያደረገውን እንጂ ሊያደርግ ያሰበውን አይደለም። ደግሞም ሲሳሳት አያፍርም። «ለምን ከለከልኸኝ?» ቢባል መልስ የለውም። ማመን ማለት የመሳሳትን ወቀሳ ለመሸከም ፈቃደኛ መሆን ነው፤ ይህን የሚሸከም ደግሞ ሰው ብቻ ነው። እንግዲህ ቈጠራውን ለመሣሪያ መተው ይቻል ይሆናል፤ እምነቱን ግን ለመሣሪያ መተው አይቻልም።

ከዚህ ሁሉ የተነሣ በብድር ባለሙያ ሥልጠና ላይ ሦስት ነገር ቢጨመር መልካም ነው እንላለን። አንደኛው፥ ሠልጣኙ በመጀመሪያ ወራቱ ከጠረጴዛው ወዲህ ሳይሆን ከወዲያ ማዶ ይቀመጥ፤ ከአመልካቾች ጋር ወንበር ላይ ተራ ይጠብቅ፥ ወረቀት ለማሟላት አብሯቸው ይመላለስ፤ «ነገ ተመለስ» የሚለው ቃል ስንት የመንገድ ድካምና ስንት የባከነ ቀን እንደ ሆነ በእግሩ ይማር። ሁለተኛው፥ አንድ ብድር ከማመልከቻው ጀምሮ የመጨረሻው ብር እስኪከፈል ድረስ ከእጁ አይውጣ፤ ዘርቶ የማያጭድ ገበሬ ዘሩን አይመርጥምና። ሦስተኛው፥ አንድ ጊዜ እንኳ የሐራጅ ቀን በስፍራው ይገኝ። ጨረታው ሲጮኽ የባለ ቤቶቹን ፊት ያየ ሰው ሁለተኛ በመያዣ ብቻ ተማምኖ አይፈርምም። እነዚህ ሦስቱ ብዙ ወጪ የማይጠይቁ ናቸው፤ የሚጠይቁት ባለሙያው የቁራኛውን ሁለተኛ ጫፍ በራሱ እጅ ላይ እንዲያየው ብቻ ነው።

አባቶቻችን ስለ ቃል ክብደት ሲናገሩ «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይላሉ። ይህ ተረት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በባለ ዕዳው ላይ ነው፤ ቃሉን እንዲጠብቅ። እኛ ግን ለአበዳሪውም ነው እንላለን። «እሺ» ብሎ የፈረመ ባለሙያ ገንዘብ ብቻ አልሰጠም፤ «ይህን ትችላለህ፤ መርምሬ አይቼሃለሁ» ብሎ ቃል ሰጥቷል። ሳይመረምር ብሎት ከሆነ ቃሉን ያጠፋው እርሱ ነው፤ ባለ ዕዳው መክፈል ያቃተው ዕለት ከሁለቱ ማን እንደ ዋሸ ይታወቃል። የሰንሰለቱ ብረት ዛሬ በሙዝየም ካልሆነ አይታይም። ነገር ግን በየቀኑ በየቅርንጫፉ ብዕር ወረቀት በነካ ቍጥር አንድ ሰንሰለት ይቈለፋል፤ ሁለት ሰውም በአንድነት ይታሰራል። መልካም ሥልጠና ማለት እንግዲህ ከሁለቱ ቁልፉን የያዘው ሰው እርሱም የታሰረ መሆኑን ማሳወቅ ነው። ይህን ያወቀ ባለሙያ «እሺ» ሲልም «እንቢ» ሲልም ይታመናል።